እስከ ቆቅ አምባ

(ጷጉሜ ሦስት ቀን፣ ረፋድ፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በተያያዙ ተራሮች ላይ፣ ከአራቱ ጫፎች በሁለተኛው፤ የደምሰው አባት ትናንት ማታ ማረፋቸውን ልብስ ሰፊው አስናቀ ያውቃል፣ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን እስኪናገር ግን ትንፍሽ እንዳይል ታዟል፤ መምህሩ ደምሰው ምንም አልሰማም።)

ደምሰው፦ አልሄድም አልኩህ፣ አልሄድም! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሦስት ጫፍ ወጥተን ከጅብ ራስ ላይ ነው የምንመለሰው። ዛሬ አራተኛ ከየት መጣ?

አስናቀ፦ ዘንድሮ አንድ እንጨምር ብዬ ነዋ። ምን አለበት?

ደምሰው፦ ምን አለበት? ቆቅ አምባ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ምን እንደሚታየው አታውቅም?

አስናቀ፦ መንደር ነው የሚታየው።

ደምሰው፦ የማን መንደር?

አስናቀ፦ የናንተ።

ደምሰው፦ የኛ አይደለም፣ የሰውዬው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ፊቴን ወደዚያ አላዞርኩም፣ ዛሬም አላዞርም። ጅብ ራስ ደርሰን፣ ጭኳችንን በልተን፣ እንደ ወትሯችን እንመለሳለን። አለቀ።

አስናቀ፦ እሺ፣ ጭኮውን አሁን ብላ።

ደምሰው፦ አሁን? ጠዋት ሁለት እንቁላል አስዋጥከኝ። የመጀመሪያውን ጫፍ፣ ጥጃ ማሰሪያን፣ ስንወጣ ዳቦ። አሁን ደግሞ ጭኮ። ሰውዬ፣ ልታርደኝ ነው እንዴ እንዲህ የምታደልበኝ?

አስናቀ፦ ቶሎ ስለሚርብህ ነው።

ደምሰው፦ እኔ ነኝ ቶሎ የሚርበኝ? አምና ከዚሁ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የኔን ድርሻ ጠራርጎ የበላው ማን ነበር?

አስናቀ፦ በቃ፣ ዘንድሮ ካስኩህ። ያዝ።

ደምሰው፦ አንተ ግን ጤነኛ ነህ? ቦርሳዬን ነጥቀህ ተሸከምክ። ስልኬንም ነጠቅከኝ።

አስናቀ፦ ዝናብ እንዳይነካብህ ነው እኮ። ፌስታል ውስጥ ነው ያለው።

ደምሰው፦ የታለ ዝናቡ?

አስናቀ፦ ሩፋኤል ነው። ሳይዘንብ አይውልም።

ደምሰው፦ እስቲ አምጣው፣ ስንዱ ጋ ልደውል።

አስናቀ፦ ኔትወርክ የለም።

ደምሰው፦ እዚህ ንፋስ በር ላይ? አገር የሚያውቀው ኔትወርክ አለ እንጂ! ከብት ጠባቂው ሁሉ እዚህ እየወጣ አይደል የሚደውለው?

አስናቀ፦ ባትሪው ዘግቷል።

ደምሰው፦ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ነው ያደረው።

አስናቀ፦ አጠፋሁት። እንዳያልቅ ብዬ አጠፋሁት።

ደምሰው፦ ዘጋ ወይስ አጠፋኸው?

አስናቀ፦ ኧረ በናትህ አታድርቀኝ ደምሰው! አንድ ቀን ያለ ስልክ ብትውል ምን ትሆናለህ?

ደምሰው፦ ይኸውልህ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ አብዷል። ስንዱም ጠዋት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ለተራራ ስወጣ «በጫማህ ጭቃ ይዘህ እንዳትገባ» ነበር የምትለኝ። ዓይኗ ፍም መስሏል። ምን ሆነሽ ነው ስላት «ሽንኩርት እየከተፍኩ» አለች። በአሥራ ሁለት ሰዓት ሽንኩርት!

አስናቀ፦ ሴት ልጅ ሥራዋን በጠዋት ነው የምትጀምረው።

ደምሰው፦ ቢላ እንኳን አልያዘችም። ተው እንጂ፣ ሳቅ። ምን እንደዚህ ፊትህን ጥለህብኛል?

አስናቀ፦ እየሳቅኩ ነው።

ደምሰው፦ ይሄ ከሆነ ሳቅህ፣ ስታለቅስ እንዳታሳየኝ። በል እንሂድ። ቀስ በል፣ ሳሩ ያንሸራትታል።

አስናቀ፦ አንተ ፍጠን። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ደምሰው፦ እና ቢሆንስ? ቀጠሮ አለን?

አስናቀ፦ የለንም።

ደምሰው፦ ሰዓትህን ስንት ጊዜ ያየህ መሰለህ? ቆጥሬልሃለሁ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። ተማሪ ፈተና ላይ እንኳን እንደዚህ አያይም።

አስናቀ፦ ደምሰው።

ደምሰው፦ ወይ።

አስናቀ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትቆጣ።

ደምሰው፦ እንዳትቆጣ ተብሎ የተጀመረ ነገር ሳያስቆጣ ቀርቶ አያውቅም። በል።

አስናቀ፦ አባትህን ብታያቸው ምን ትላቸዋለህ?

ደምሰው፦ ይኸው! አላልኩህም? አራተኛ ጫፍ ያልከው ለዚህ ነው! ምን ነበር ያስማልኩህ? የዚያን ሰውዬ ስም ያነሳህ ዕለት ጓደኝነታችን አበቃ ብዬህ የለም?

አስናቀ፦ ብለኸኛል።

ደምሰው፦ እጅህን መጽሐፍ ላይ ጭኜ!

አስናቀ፦ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም፣ የሒሳብ ማስተማሪያህ ነበር።

ደምሰው፦ የተገኘው እሱ ነዋ። መሐላ መሐላ ነው።

አስናቀ፦ እሺ በቃ፣ ተውኩት። ሂድ።

ደምሰው፦ እናቴ በሞተች በስምንተኛ ወሯ እኮ ነው ያገባው። ሙት ዓመቷ ሳይወጣ! ከለቅሶዋ የተረፈው እንጨት ግቢው ውስጥ ተከምሮ፣ በሱ ነው የሰርጉን ወጥ የሠሩት። በዓይኔ አይቻለሁ። እንዴት ብዬ ነው የምችለው?

አስናቀ፦ አውቃለሁ፣ አብሬህ ነበርኩ።

ደምሰው፦ ያቺ ያገባት ሙሉነሽ ደግሞ የእናቴን ቀሚስ...

አስናቀ፦ የራሷ ቀሚስ ነበር። እኔ ነኝ የሰፋሁላት። ስንቴ ልንገርህ? ሸማው ነው የሚመሳሰለው።

ደምሰው፦ አንተም ሰፋህላት! አየህ? አገሩ ሁሉ አድሞብኝ ነበር።

አስናቀ፦ ቀስ በል፣ እዚያ ጋ ገደል አለ። ወደዚህ ጠጋ በል።

ደምሰው፦ እኔ እዚህ አገር ተወልጄ አንተ ገደል ታሳየኛለህ?

አስናቀ፦ ዛሬ የፈለግከውን በለኝ። ብቻ ወደዚህ ጠጋ በል።

ደምሰው፦ ይኸው ጅብ ራስ። ሦስተኛው። ተመስገን። ቁጭ በል፣ ልብህ ከደረትህ ሊወጣ ነው እኮ። እስቲ ውሃ ጠጣ። ፊትህ አመድ መስሏል አስናቀ፣ አሞሃል እንዴ?

አስናቀ፦ አላመመኝም። አንተ አረፍ በል፣ ከዚያ እንቀጥላለን።

ደምሰው፦ አሁንም ቆቅ አምባ?

አስናቀ፦ አሁንም ቆቅ አምባ። እለምንሃለሁ። ዛሬን ብቻ እሺ በለኝ። ከዚህ በኋላ ምንም ነገር አልጠይቅህም።

ደምሰው፦ ኧረ ቀስ! የምን ልመና ነው? ... ስማኝ። አንድ ነገር ልንገርህና እንዳትስቅ።

አስናቀ፦ አልስቅም።

ደምሰው፦ ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ፣ ያ ንዴቴ ጠፋብኝ።

አስናቀ፦ እንዴት ጠፋብህ?

ደምሰው፦ ጠፋብኝ ነው የምልህ። ዱሮ ጠዋት ስነሳ አብሮኝ ነበር የሚነሳው። ሰርጉን አስባለሁ፣ እንጨቱን አስባለሁ፣ ደሜ ይፈላል፣ ከዚያ ነው ቁርሴን የምበላው። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ልናደድ ብዬ ቁጭ አልኩ፣ የለም። እንጨቱን አሰብኩ፣ እንጨት ነው። ሰውዬው በማታ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሽሮ ሲበላ ታየኝና ሆዴ ባባ። ስምንት ወር ብቻውን። እኔ ቅዳሜና እሁድ እንኳን አልሄድኩለትም ነበር፣ ፈተና አርማለሁ ብዬ። ታዲያ ምን ያድርግ?

አስናቀ፦ ታዲያ... ታዲያ ለምን አልሄድክም?

ደምሰው፦ ማን ለምኖኝ!

አስናቀ፦ ምን?

ደምሰው፦ በሰርጉ ቀን፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ «ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም» ያልኩ ሰው፣ ዝም ብዬ ተነስቼ ልሂድ? አንድ ሰው መጥቶ «ተው ደምሰው፣ የአባት ነገር አይሆንም» ይበለኝ እንጂ። የመጀመሪያውን እምቢ እላለሁ። ሁለተኛውንም እምቢ እላለሁ። በሦስተኛው እያጉረመረምኩ እሄድ ነበር። ወጉ ይኸው አይደል? ሐምሌን ጠበቅኩ። ነሐሴን ጠበቅኩ። አንተ እንኳን፣ ጓደኛ ተብለህ፣ አንድ ቀን ትንፍሽ ሳትል!

አስናቀ፦ አስምለኸኝ የለም እንዴ!

ደምሰው፦ የተናደደ ሰው ያስማለህን ታምናለህ? አርባ ሦስት ዓመትህ ነው!

አስናቀ፦ አምላኬ።

ደምሰው፦ ምነው?

አስናቀ፦ አምላኬ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ!

ደምሰው፦ ኧረ ቀልዴን ነው። አንተን አላማርርም። ተነስ። ቆቅ አምባ ካልክም ቆቅ አምባ። አይቼ እመለሳለሁ። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ፣ ምናልባት፣ ሦስት ቀን አይደል የቀረው? ከስንዱ ጋር...

አስናቀ፦ ደምሰው፣ ልከውብህ ነበር።

ደምሰው፦ ማን?

አስናቀ፦ አባትህ። ከፍልሰታ ፍቺ ማግስት። ሙሉነሽ ሱቄ ድረስ መጣች። በእግሯ፣ በዚያ ጭቃ። «ጋሽ ንጋቱ ልጄን ጥራልኝ ብለውሃል» አለችኝ።

ደምሰው፦ ምን አልክ?

አስናቀ፦ አልነገርኩህም።

ደምሰው፦ ሰምቻለሁ እንዳልነገርከኝ! ሁለት ሳምንት? ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሱቅህ እየመጣሁ፣ አብረን እየተቀመጥን፣ ዝም አልከኝ?

አስናቀ፦ ዝም አልኩህ።

ደምሰው፦ ለምን?

አስናቀ፦ መሐላው አለ አልኩ። መልእክተኛዋ ሙሉነሽ ናት፣ ስሟን ሲሰማ ጭራሽ ይብስበታል አልኩ። ጷጉሜ ላይ ተራራ ስንወጣ ልቡ ይለሰልሳል፣ ያኔ እነግረዋለሁ አልኩ።

ደምሰው፦ ይሄ ሁሉ ምክንያት ነው።

አስናቀ፦ ምክንያት ነው። እውነቱን ልንገርህ? የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኝ ነበር። ሙሉነሽ ስትናገር እግሬ ስፌት መኪናው ላይ ነው፣ እየሰፋሁ ነው የሰማኋት። ብነግርህ ትጮሃለህ፣ ከዚያ ላባብልህ ነው፣ ከዚያ ይዤህ ልወርድ ነው፣ ሁለት ቀን ሥራ ይቆምብኛል። ጷጉሜ ይደርሳል አልኩ። ይኸው ነው። ለሱሪ ብዬ ነው። እኔ ራሴን ተጸይፌዋለሁ፣ አንተ የፈለግከውን በለኝ። ምታኝ ከፈለግክ።

ደምሰው፦ ቃሉን ንገረኝ።

አስናቀ፦ የምን ቃል?

ደምሰው፦ እሱ ያለውን። ሙሉነሽ ያለችውን አይደለም፣ እሱ ያለውን። ቃል በቃል።

አስናቀ፦ «ደምሰውን ጥራልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው በለው፣ ሙት ዓመቷን መጠበቅ ነበረብኝ በለው። ደግሞ መንገዱ ስለሚያዳልጥ ዱላ ይያዝ» አሉ።

ደምሰው፦ ጥፋቱ የኔ ነው አለ?

አስናቀ፦ አዎ።

ደምሰው፦ እሱ? አቶ ንጋቱ? በሬ ረግጦት በሬውን ይቅርታ የሚያስጠይቅ ሰው?

አስናቀ፦ እሳቸው።

ደምሰው፦ ዱላ ይያዝ አለ?

አስናቀ፦ ዱላ ይያዝ አሉ።

ደምሰው፦ ምን ዓይነት ሰው ነው! ስድስት ዓመት ያላየውን ልጅ ዱላ ይያዝ ይላል! አይ አባባ! ... እያለቀስኩ እንዳይመስልህ፣ ንፋሱ ነው። ተነስ!

አስናቀ፦ ቀስ በል።

ደምሰው፦ የምን ቀስ በል! ጠርቶኛል እኮ! ወርጄ ጉልበቱን ነው የምስመው። ተነስ ብሎ ቢቆጣ እንኳን አልነሳም። አንተ ከኋላ ና፣ ዕቃውን ሰብስበህ።

አስናቀ፦ ደምሰው፣ ቁም! አልተቆጣኸኝም እኮ።

ደምሰው፦ በምኑ ልቆጣህ? እኔ ስድስት ዓመት አባከንኩ፣ አንተ ሁለት ሳምንት። ሁለት ሳምንት ምን አላት? ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ። በል ተራመድ።

አስናቀ፦ ይቅር አትበለኝ።

ደምሰው፦ አልኩህ እኮ።

አስናቀ፦ አሁን አትበለኝ፣ እባክህ። ቆይተህ በለኝ።

ደምሰው፦ ይቅርታም እንደ ሱሪ ይቀጠራል እንዴ? ና!

አስናቀ፦ ትወድቃለህ! በዚህ ጭጋግ አትሩጥ!

ደምሰው፦ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ ይሄን መንገድ። እዚህ ጋ ነው በቅሏችን የጠፋችው። እዚያ ጋ አባባ ከወንበዴ ጋር የታገለበት ነው ይላል፣ ወንበዴው ግን የአክስቴ ባል ነበር፣ ሰክሮ። ለስንዱ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፣ ገረመኝ። ለልጆቹም አልነገርኳቸውም። አባባ ራሱ ይንገራቸው፣ እሱ ሲያወራው ያምራል። ለእንቁጣጣሽ ሁላችንም እንወርዳለን። ሙሉነሽንም... እሷንም ጤና ይስጥልኝ እላታለሁ። ምን አደረገችኝ?

አስናቀ፦ ደምሰው...

ደምሰው፦ ባዶ እጄን መሄዴ ብቻ ነው የከፋኝ! ጭኮው ተርፏል? በሞቴ የተረፈውን እንዳትነካው፣ ጭኮ ነፍሱ ነው። አየህ፣ እንዲህ መሆኑን ብትነግረኝ ኖሮ በአግባቡ እገዛዛ ነበር።

አስናቀ፦ ተርፏል።

ደምሰው፦ ቆቅ አምባ! ይኸው! ምን ዋጋ አለው፣ ጉሙ ሁሉን ሸፍኖታል። ቤታችን በዚህ በኩል ነበር፣ ከባሕር ዛፉ በታች። አይታይም። ... ቆይ። ዝም በል። ይሰማሃል?

አስናቀ፦ አልሰማሁም።

ደምሰው፦ ጡሩንባ ነው። ይኸው ደግሞ! ከመንደሩ ነው የሚመጣው። ሰው ሞቷል።

አስናቀ፦ ደምሰው፣ እስቲ ቁጭ በል።

ደምሰው፦ እማማ ዘነቡ ትሆናለች። መቶ ዓመት አልፏታል መቼም፣ እኔ ልጅ ሆኜ አሮጊት ነበረች። ነፍስ ይማር። ስንት ሰዓት ነው?

አስናቀ፦ ስምንት ሊሆን ነው።

ደምሰው፦ እንግዲያው ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እንደርሳለን። ወርደን እንቅበር። እንዲያውም ጥሩ ሆነልኝ!

አስናቀ፦ ምኑ ነው ጥሩ?

ደምሰው፦ ቤቱ ሄጄ በሩ ላይ ምን ብዬ ልቁም እያልኩ ስጨነቅ ነበር። አሁን ግን ቀላል ነው። አባባ ከቀብር ቀርቶ አያውቅም። ሌላው ቢቀር ቀባሪዎቹን ይቆጣል፣ ጉድጓዱ አልጠለቀም እያለ። እዚያው ሰው መሐል እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ያኔ በሰው ፊት ክጄዋለሁ፣ ዛሬ በሰው ፊት አባቴ እለዋለሁ። ያ ሁሉ ሰው ሲያይ! ምን ይላል? ምን ትላለህ አንተስ? ... ልቀቀኝ እንጂ፣ ምን ትጎትተኛለህ?

አስናቀ፦ እማማ ዘነቡ አይደሉም።

ደምሰው፦ አንተ በምን አወቅክ?

አስናቀ፦ እኔ እንድነግርህ አልነበረም። አጎትህ ጋሽ ተሰማ ከታች ወይራው ሥር ሆነው እየጠበቁህ ነው፣ ከነዘመዱ። ስንዱም በሌላኛው መንገድ በበቅሎ ወርዳለች። ድልድዩን ጎርፍ ስለወሰደው መኪና አይገባም፣ አንተ በተራራው አምጣው፣ መንገድ ላይ ብቻውን እንዳይሰማ አሉኝ። አደራ አሉኝ።

ደምሰው፦ አስናቀ፣ ለምንድን ነው የምታለቅሰው?

አስናቀ፦ እዚያ እስክትደርስ ልቻለው ብዬ ነበር። አልቻልኩም። እንደዚህ ደስ ብሎህ እየሮጥክ ስታወራ አልቻልኩም።

ደምሰው፦ የማን ቀብር ነው?

አስናቀ፦ የሳቸው።

ደምሰው፦ የማን የሳቸው?

አስናቀ፦ የጋሽ ንጋቱ። ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አረፉ። ደምሰው፣ ጩህ፣ ምታኝ።

ደምሰው፦ ሲልክብኝ ታሞ ነበር?

አስናቀ፦ ሙሉነሽ «ትንሽ አሟቸዋል» ብላኝ ነበር። ከአልጋ ግን ይነሳሉ አለች፣ እስከ በሩ ይወጣሉ አለች። ይደርሳል ብዬ... ይደርሳል መስሎኝ...

ደምሰው፦ ጠየቀ?

አስናቀ፦ ምኑን?

ደምሰው፦ መጣ ወይ ብሎ ጠየቀ?

አስናቀ፦ ይህን አትጠይቀኝ።

ደምሰው፦ ጠየቀ ወይ ነው የምልህ!

አስናቀ፦ በየማታው። «በሩን አትዝጉት፣ ደምሰው ሲመጣ ያንኳኳል ብላችሁ አታስቡ፣ እሱ ኩሩ ነው፣ ዝግ ካየ ይመለሳል» ይሉ ነበር አሉኝ። ትናንትም ክፍት ነበር።

ደምሰው፦ ሁለት ሳምንት በሩን ከፍቶ።

አስናቀ፦ አሥራ ስድስት ቀን።

ደምሰው፦ ቅድም ይቅር ብዬሃለሁ አልኩህ አይደል?

አስናቀ፦ ብለኸኛል።

ደምሰው፦ እሱን እንዳልሰማህ ቁጠረው። ይቅር አላልኩህም፣ እል እንደሆነም አላውቅም። በል አሁን ና ደግፈኝ። አፈሩ ሳይመለስ አድርሰኝ።